የታችኞቹ ሁለት ጥርሶቼ

አራት የላይ ጥርሶቼን በአንድ ጠዋት ነቀላቸው፤ ሳይጠይቀኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ቂም የያዝኩት ስላመመኝ አይደለም፤ ማደንዘዣው ይዞኝ ስለነበር ምንም አልተሰማኝም። የሄድኩትም ድዴ ይደማል፣ ጥርሴ ተነቃነቀ ብዬ ላሳይ እንጂ ላስነቅል አልነበረም። ዶክተሩ አፌን አስከፍቶ በትንሿ መስታወት አየት አደረገና፣ «እነዚህማ አብቅቶላቸዋል» አለ። ያለውም አጠገቡ ለቆመችው ነርስ ነው። ለእኔ የነገረኝ «ክፈቺ» ብቻ ነበር። እኔም ከፈትኩ። ስነሳ ምላሴ የለመደውን ቦታ አጥቶ ይንከራተታል፤ ጥርሶቼ ደግሞ አጠገቤ ባለች የብረት ሳህን ላይ የሌላ ሰው መስለው ተቀምጠዋል።

«እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» ብዬው ወጣሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አመስግኜዋለሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ይሄን የሰማ ሁሉ ነካ ያደርጋታል እንዴ ይላል። እሠራበት የነበረው የልብስ ማጠቢያ ቤት ተዘግቶ፣ ባሌም እጁን ተሰብሮ ቤት ውሎ፣ ክሊኒኩ ዕቃ አጣቢ ይፈልጋል ሲሉኝ መምረጥ የምችል ሰው አልነበርኩም። ዶክተሩ አላወቀኝም። በቀን ስንት አፍ የሚያይ ሰው የእኔን ፊት ከየት ያስታውሰው? ደግሞ ክፉ ሰው ነው ብዬ ብዋሽ እግዜር ይቅር አይለኝም። የባሌ እጅ እስኪጠገን ጠዋት ጠዋት አርፍጄ እንድገባ ፈቅዶልኛል፤ ጮክ ብሎ ተናግሮኝም አያውቅም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

የእኔ ክፍል ከኋላ ናት፤ መስኮት የላትም። ሁለት የመታጠቢያ ገንዳ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ አውቶክሌቭ፣ ማለት ዕቃውን በእንፋሎት የሚቀቅለው ማሽን፣ ሌላ ምንም። ዕቃው ከነደሙ በትሪ ይመጣልኛል። እዘፈዝፈዋለሁ፣ አንድ በአንድ በጠንካራ ብሩሽ እፈትገዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ በወረቀት ከረጢት አሽጌ ማሽኑ ውስጥ እከተዋለሁ። ሲወጣ ይፋጃል፤ ሲቀዘቅዝ በየመሳቢያው እደረድረዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ይሄው ነው።

ዘጠኝ ዓመት ትሪ ያጠበች ሴት ታዲያ በሽተኛውን ሳታየው ታውቀዋለች። ጉጠት ያለበት ትሪ ከመጣ፣ አንድ ሰው ጥርሱን ተነቅሎ ሄዷል። መፋቂያ ብቻ ከሆነ፣ ድዱ የታመመ ሰው ነው፤ ከጥርሱ ሥር ድንጋይ ተፍቆለታል። ድንጋይ የምለው ቆሻሻው ከርሞ ከርሞ ከድዱ በታች የሚጋገረውን ነው። ጥቁር ነው፤ ከመፋቂያው ጫፍ ላይ እንደ ከሰል ብናኝ ይለቃል። ያ ሰው በሳምንቱ ይመለሳል፤ እንደገና መፋቂያ። በሦስት ወሩ ይመለሳል፤ አሁንም መፋቂያ። ጉጠቱ አይመጣም። እንዲህ እያሉ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት ጥርሳቸውን ይዘው የሚመላለሱ አሉ።

አንድ ቀን የአሁኗን ነርስ ጠየቅኋት። ወጣት ናት፤ ጥርስ ማጠቡን አብዛኛውን የምትሠራው እሷ ናት። እኔን «አፈ ጉባኤ» ነው የምትለኝ፤ ስናገር አፌን በእጄ ስለምሸፍን። የሚነቃነቅ ጥርስ ሁሉ ይነቀላል ወይ አልኳት። ሁሉም አይነቀልም፣ ሥሩን የያዘው አጥንት ካላለቀ ተፍቆ ይጠበቃል፣ ብዙ ጊዜ ይጠነክራል አለችኝ። ታዲያ የሚጠበቅለት ለማን ነው ስላት ትንሽ አሰበችና፣ «ለሚጨቃጨቅ» አለችኝ። የቀልድ አነጋገር ነው፤ እኔ ግን ያንን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ባለፈው ዓመት ደግሞ የታችኞቹ ሁለቱ ጀመሩ። ፊት ለፊት፣ መሐል ላይ ያሉት። ዳቦ ስነክስ ጋደል ይላሉ። ጠዋት ስነሳ ትራሴ ላይ የዝገት ዓይነት ነጠብጣብ አገኛለሁ። የላይኞቹ አራቱ ሰው ሠራሽ ናቸው፤ ስስቅ ወለቅ ስለሚሉብኝ መሳቁን ትቼዋለሁ። የታችኞቹ ከሄዱ፣ በፊት ለፊት የምነክስበት የራሴ የሆነ ነገር አይኖረኝም። ነገሩ ይሄው ነው፤ ሌላ የተደበቀ ምስጢር የለውም። ሁለት ጥርስ። ግን የእኔ ናቸው፤ እነሱንም ብሰጥ ምን ዓይነት ሰው ነኝ አልኩ።

ዶክተሩ ጋ አልሄድኩም። እትዬ ጋ ሄድኩ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ ጥርሷ አንድም አልጎደለም፤ ይሄንንም ሳትጠየቅ ለሰው ሁሉ ትናገራለች። የባህል መድኃኒት ቤት አላት። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ብልቃጥ ነው፤ መሐል ላይ ወፍጮዋ፣ ወንፊቷና ዱቄቱን በባዶ እንክብል እየሞላች የምትደፍንበት ጣውላ። አፌን በመስኮቱ ብርሃን አየችልኝና ሁለት ነገር ሰጠችኝ። አንደኛው እንክብል ነው፤ እርድ አለው፣ ነጭ ሽንኩርት አለው፣ ሌላውን አትናገርም። ሁለተኛው የተቀቀለ ቅጠል ውሃ ነው፤ ጠዋትና ማታ ተጉመጥምጬ የምተፋው። በላዩ ደግሞ ለስላሳ ብሩሽ ገዝቼ ድዴንና ጥርሴን መጋጠሚያው ላይ እስከ ሁለት መቶ እየቆጠርኩ እንድቦርሽ አዘዘችኝ።

አንድ ሕግ አላት። የእትዬ መድኃኒት ይቀናል። ከእሱ ጋር ሌላ መድኃኒት፣ ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ብረት ከነካሽ ጥሎሽ ይሄዳል ትላለች። ደንበኞቿ ሁሉ ይሄን ያውቃሉ፤ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ከእሷ ይደብቃሉ፣ እሷ ጋ ሲሄዱ ከሐኪሙ ይደብቃሉ። እኔም አፌን ለዶክተሩ እንደማላስነካ ቃል ገባሁላት። ቃል ለመግባት ደግሞ ማንም አላስገደደኝም፤ ለዚያ ሰውዬ ላለማስነካት ሰበብ ስፈልግ ነበር የኖርኩት።

ሦስት ወር ዋጥኩ፣ ተጉመጠመጥኩ፣ ቦረሽኩ። እውነቱን ልናገር፦ ደሙ ቀነሰ። ድዴ ያ የጥሬ ሥጋ መልኩን ትቶ ረጋ አለ። ትራሴ ነጻ። የሠራው እንክብሉ ይሁን ውሃው ወይስ ብሩሹ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እትዬ ግን ታውቃለች። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ጠርታኝ ከንፈሬን ገልብጣ ታሳያለች።

ጥርሶቼ ግን መነቃነቃቸውን አልተዉም።

ይሄን ለባሌ ነገርኩት። ባሌ ጎሚስታ ነው፤ ለማንኛውም ነገር መልሱ ከጎማ ነው የሚነሳው። እትዬና ዶክተሩ ሳይተያዩ የሚጨቃጨቁትን ሁሉ አወራሁለት፤ እሷ ቅጠሉ ድንጋዩንም ያሟሟዋል ትላለች፣ እሱ ቅጠል ለፍየል ነው ይላል። ባሌ የጎረሰውን አኝኮ ጨረሰና፣ እሱ ጋ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ጎማው የት ጋ እንደሚተነፍስ አውቃለሁ ብሎ እንደሚምል፣ እሱ ግን ሰምቶ ዝም ብሎ ጎማውን ውሃ ውስጥ እንደሚነክረው ነገረኝ። አረፋው የወጣበትን ያየዋል፤ አለቀ።

በማግስቱ ከመፋቂያ ላይ የወደቁ ሁለት የድንጋይ ፍንጣሪዎች በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ቀቅያቸዋለሁ፤ ዕብድ አይደለሁም። ሁለት ብርጭቆ አዘጋጀሁ። አንዱ ንጹህ ውሃ፣ አንዱ የእትዬ ውሃ፤ እንክብልም ፈትቼ ጨመርኩበት። በእያንዳንዱ አንድ አንድ ድንጋይ ጣልኩና መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳቸው። ባሌ ምንድን ነው ቢለኝ ነገርኩት፤ ያን ዕለት ምሳውን ውጭ በላ።

አሥር ቀን ጠበቅኩ። የውሃው ድንጋይ እንዳለ ነው። የእትዬውም እንዳለ ነው፤ ቢጫ ሆኗል፣ ሌላ ምንም። በጥፍሬ ብጫነው ጥፍሬን ጎዳኝ።

እትዬ ዋሸችኝ አላልኩም። ቁስሉን አስታግሳልኛለች፤ ያየሁትን አየሁ። ግን ከሥር ድንጋይ ተቀምጦ ላዩን ማስታገስ፣ እሾሁን ሳይነቅሉ እግር ማሸት ሆነብኝ። ድንጋዩን የሚያነሳው ብረት ነው፤ ብረቱንም የማጥበው እኔ ነኝ።

ነርሷን ለመንኳት። ረቡዕ ረቡዕ ዶክተሩ ለምሳ ሲወጣ ይቆያል። ያን ሰዓት አንቺው ፍቂልኝ፣ እሱ እንዳያውቅ አልኳት። ተጨነቀች፣ ኋላ እሺ አለችኝ፤ ግን ካርድ ሳይወጣ፣ ፎርም ሳይሞላ አይሆንም አለች። ካርዱ ላይ ባለው ፎርም «የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ይግለጹ» የምትል መስመር አለች። «የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ዋሽቼ አይደለም። ማለቴ፣ ዋሽቻለሁ፤ ግን እንደሁሉም ሰው ነው የዋሸሁት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በግድግዳው በኩል ስንቱ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። ሁሉም «ምንም አልወስድም» ነው መልሱ። ቦርሳው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት እየሸተተ። ቅጠል ለሰዉ መድኃኒት አይደለም፤ ወይ ምግብ ነው፣ ወይ የቤት ገመና ነው። ሐኪም ፊት ገመናውን የሚዘረግፍ የለም።

የእኔ ግን ከዚያ ባሰ። መድኃኒቱ ይቀናል ተብያለሁ። ብረት ላስነካበት ነው፤ እንግዲህ እንዳይከፋው በሚል ላባብለው አሰብኩ። ከእሑድ ጀምሮ እስከ ረቡዕ ጠዋት እንክብሉን በእጥፍ ዋጥኩት። አሁን ስጽፈው ፊቴ ይግላል። ያኔ ግን ብልጠት መስሎኝ ነበር።

ነርሷ የታችኛውን ግራ በኩል ጨርሳ ወደ መሐሉ ስትመጣ ደሙ አልቆም አለ። ጎዝ፣ ማለት የቁስል ጨርቅ፣ አስነከሰችኝ፤ ሞላ። ቀየረችው፤ ሞላ። ትንሽ ደም መኖሩን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ይሄ ግን ሌላ ነው፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሦስተኛ ጎዝ አወጣች። እኔ ደግሞ ተንጋልዬ እያለሁ የማስበው ይሄን ሁሉ ዕቃ ማን ያጥበዋል ነበር። በዚህ መሐል ዶክተሩ ገባ።

ጓንት አጠለቀ፣ ተጫነው፣ አንድ ቦታ ላይ ሰፋኝ። ሲጫን አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ምን ወስደሽ ነው አለኝ። ጣሪያውን አየሁ። የደም ማቅጠኛ ትወስጃለሽ? አልወስድም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። በመጨረሻ ነርሷ በዓይኗ ስትለምነኝ ከሽርጤ ኪስ ብልቃጡን አውጥቼ ሰጠሁት። ከፈተው፣ አሸተተው፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ደም እንዳይረጋ እንደሚያደርግ፣ ተነግሮት ቢሆን ኖሮ ቀድሞ እንደሚያስቆመኝ፣ ሰው አፉን ለሐኪም ከፍቶ ነገሩን ለምን እንደሚዘጋ እንደማይገባው ተናገረ። ልክ ነው። ይሄን ሁሉ ተቀበልኩት። ከዚያ ግን ወይ እሱን ወይ ቅጠሉን እንድመርጥ ነገረኝና መብራቱን እያጠፋ፣ «ለማንኛውም እነዚህ ሁለቱ አብቅቶላቸዋል። ቁስሉ ይዳን፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት እንገላገላቸዋለን» አላት።

ለነርሷ። አሁንም ለነርሷ።

እትዬ ደግሞ ባበጠ አገጬ አወቀችብኝ። ቤቴ ድረስ መጥታ የቀረውን ብልቃጥና ውሃውን ሰብስባ ወሰደች። መድኃኒቷን ከብረት ጋር እንዳጋጨሁባት፣ ስሟን ሐኪም ቤት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንደጣልኩት፣ ከእንግዲህ ደጇን እንዳልረግጥ ነገረችኝ። እኔ አፌ ውስጥ ያለውን ክር በምላሴ እየነካካሁ ሰማኋት።

አንድ ሳምንት ሙሉ ሁለቱንም ስሰድብ ሰነበትኩ፤ በሆዴ። ባሌ ምነው ዝም አልሽ ሲል ስድብ ላይ ነኝ እለዋለሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው ደግሞ፤ ያቃጠለኝም ይሄው ነው። የእሱ ብረት ይሠራል፣ የእሷ ቅጠል ያግዛል። ሁለቱም የማይጠይቁት አንድ ሰው አለ፤ አፉ የማን እንደሆነ።

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ደጄን እንዳትረግጪ ያለችኝን ረግጬ እትዬ ጋ ገባሁ። እንክብል እየሞላች ነበር፤ ቀና አላለችም። ማክሰኞ ጠዋት አብረሽኝ ትሄጃለሽ አልኳት። የት? እሱ ጋ። ሳቀች። ካልሄድሽ እንክብሉ ውስጥ ያለውን በሙሉ ጽፈሽ ስጪኝ አልኳት። እሱ የሙያ ምስጢር ነው፣ ለእናታችን እንኳ አልተናገርኩም አለች።

«እትዬ» አልኳት፣ «የምትደብቂው ነገር ደሜ ውስጥ ነው ያለው። ደሜ ደግሞ ያን ቀን መሬት ላይ ነበር። እኔ ጠርጌዋለሁ።»

እጇ ጣውላው ላይ ቆመ። ስንት ነበር የዋጥሽው አለችኝ፤ ነገርኳት። እጥፍ ማን ዋጪ አለሽ አለች። ይቀናል አላልሽም እንዴ አልኳት። የሞላችውን እንክብል ወደ ጎን ገፋችው። ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው አለችኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ትሪውን ራሴ አዘጋጀሁት። መስታወቷ፣ መፈተሻዋ፣ ትልቁም ትንሹም መፋቂያ፣ ጎዝ፣ ማደንዘዣ፣ ውሃ። ጉጠቶቹን ግን አልቀቀልኳቸውም። የዚያን ቀን የሚነቀልበት ሌላ ሰው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ለእሱ አደርሳለሁ አልኩና ሦስቱንም ከነሳሙናቸው ገንዳው ውስጥ ተውኳቸው። ከዚያ ሽርጤን አውልቄ፣ ሄጄ ወንበሩ ላይ ወጣሁ። እትዬን ጥግ ያለችው በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። ቦርሳዋን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛለች።

ዶክተሩ ገባ፤ እትዬን አያት፣ እኔን አየኝ፣ ትሪውን አየ።

«ጉጠቱ የታለ?»

«አልተቀቀለም።»

«ለምን?»

«ለእኔ አያስፈልገኝም።»

ነርሷን ዞሮ አያት፤ እሷ ጫማዋን ታያለች። እኔ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ፤ ተጋድሞ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

«ዶክተር፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ወንበር ላይ አራት ጥርሴን ነቅለዋል። አልጠየቁኝም።»

«የአንቺን?»

«የእኔን።»

ፊቴን በትዝታው ፈለገው። አላገኘውም፤ አገኘሁት ብሎ ግን አልዋሸም። ኋላ ቀስ ብሎ፣ ምናልባት ያኔ በእርግጥ ያበቃላቸው ነበሩ ይሆናል አለኝ።

«ይሆናል። እኔ ያልኩት አልጠየቁኝም ነው።»

ክፍሉ ውስጥ የምራቅ መሳቢያው ብቻ ያንሾካሹካል። ስናገር እጄ ጉልበቴ ላይ እንዳለ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ የቀረውን ሳልቆም ነገርኩት። እነዚህ ሁለቱ ራጅ ሳይነሱ አይነኩም። አጥንት ከሌላቸው እኔው ነቅለው ይጣሏቸው እላለሁ፤ ካላቸው ግን ይፋቃሉ፣ ይጠበቃሉ፣ እንደ ሌላው ሰው። ሲፋቁ ቅጠሉን አቆማለሁ፤ ስንት ቀን እንደሚቆም እሱ ይንገረኝ። ሲድኑ ደግሞ ያን የእህቴን ውሃ እጉመጠመጣለሁ፤ ከዚያ ወንበር ወርጄ ቤቴ የምገባው እኔ ነኝ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከድዴ ጋር የምኖረውም እኔ ነኝ። ይሄ ካልሆነ ሥራውንም ዛሬውኑ እለቃለሁ፤ ሌላ ክሊኒክ ሄጄ እጨቃጨቃለሁ።

ራጁን አነሳ። ሰሌዳው ላይ አብርቶ ብዙ ቆየበት። የግራው ግማሽ አጥንት አለው አለ፤ የቀኙ ከዚያ ያነሰ። በዚህ ይድናል ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ ምናልባት አንዱ ይቀር ይሆናል፣ ምናልባት ሁለቱም ይሄዱ ይሆናል አለ። አሁን የሚያወራው ለእኔ ነበር።

«ይበቃኛል» አልኩት። «ምናልባት አለው ማለት ነው።»

እትዬ በርጩማዋ ላይ መታገሥ አቃታት። ብረት የነካው ድድ መቼ ድኖ ያውቃል አለችው። እሱም የእሷ ዱቄት ወለሉን እንዴት ደም እንዳለበሰው ነገራት። እሷ ሦስት ወር ድዴን ማን እንደያዘው ጠየቀችው። እሱ ድንጋዩን ማን እንዳሟሟው ጠየቃት። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ፣ የአሥሩን ቀን ብርጭቆ ነገርኳቸው። ነርሷ በአፍንጫዋ ሳቀች። እትዬ ግን ፊቷ ተለዋወጠ፤ በእኔ ውሃ ድንጋይ ነከርሽ? የማን ድንጋይ? አለችኝ። እሱን እኔም አላውቅም አልኳት።

«በይ አሁን ንገሪው፣ እትዬ። ውስጡ ያለውን።»

ቦርሳዋን ይዛ ቆየች። ሁላችንንም እያፈራረቀች አየችን። ከዚያ እንደ ተማሪ ግድግዳውን እያየች ቆጠረችው፦ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ። በቃ ይሄው ነው? አልኩ በሆዴ። አርባ ዓመት የተደበቀው ይሄ ነው? ዶክተሩ ግን አላሾፈም። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ በዚያ መጠን ተጠራቅሞ ሲዋጥ ደሙን ሊያስቸግር እንደሚችል፣ ከመፋቅ አሥር ቀን በፊት እንክብሉ እንዲቆም፣ ቁስሉ ሳይደርቅም እንዳይጀመር አዘዘ። እኔ ካቆምኩ ሁለት ሳምንት ሊሞላኝ ነው። ውሃውን ጠየቃት። ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው፤ ይዛው መምጣቷን እኔም አላወቅሁ። በጣቱ ነክቶ ቀመሰው፤ ፊቱ እንደ ጨርቅ ተጨማደደ። ይሄን አፏ ውስጥ የያዘች ሴት ጥርሷ ቢነቀልም አይሰማትም አለ። እትዬ ልትሰድበው ከንፈሯን አሹላ ተወችው።

ውሃው ከጽዳቱ በኋላ ቢጨመር አልከለክልም፣ ያግዝ አያግዝ ግን በሦስት ወሩ የድድ መለኪያውን ይዤ አየዋለሁ አለ። እይ አለችው። ዋናው ብረቱ ነው አለ። ዋናው የእኔ ነው አለች። ያንን እዚያው እንዲጨርሱት ተውኳቸውና ነርሷን ካርዴን ስጪኝ አልኳት።

ሰጠችኝ። ያቺ መስመር ላይ «የለም» የሚል በራሴ እጅ ተጽፏል። እስክሪብቶዋን ተቀብዬ ሰረዝኩት፤ ወረቀቱ እስኪበሳ። ከጎኑ ቦታ ስላልበቃኝ ወደ ኅዳጉ እየዞርኩ አራቱንም ጻፍኳቸው፤ በቀን ስንት እንደሆነ፣ ከስንት ቀን በፊት እንደሚቆም። ከሥሩ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ፣ «ሳልጠየቅ አይነቀልም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እሱም ይፈርምበት አልኩና ካርዱንና እስክሪብቶውን ዘረጋሁለት። ዶክተሩ ካርዱን አነበበ። አንዴ እትዬን አየ፣ ጓንቱን አወለቀ፣ ፈረመ፣ አዲስ ጓንት አጠለቀ።

ያን ጊዜ ተንጋለልኩ። መብራቱን በገዛ እጄ ወደ አፌ አዞርኩትና፣ «እንግዲህ ይጀምሩ» አልኩት።